የጨጓራ ባክቴሪያ ስኳር ያመጣል? እማዬ መድኃኒቷን ላቁም እያለች ነው

የእማዬ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት፣ እባካችሁ እርዱኝ። እማዬ ዓይነት ሁለት ስኳር አለባት። ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ ትወስዳለች። ሰሞኑን ጨጓራዋን ሲያቃጥላት ተመረመረችና ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባት። የሁለት ሳምንት መድኃኒት ታዘዘላት። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ከዚያ አንድ ዘመዳችን ቪዲዮ ላከላት። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ «የስኳር ምንጩ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው፤ እሱን ካጠፋችሁ ስኳሩ በራሱ ጊዜ ይጠፋል» ይላል። እማዬ ይሄን ከሰማች ወዲህ «እንግዲያው የስኳሩን ክኒን ዕድሜ ልኬን ምን አስዋጠኝ? የባክቴሪያውን ልጨርስና አቆመዋለሁ» ብላ ቆርጣለች። ስከራከራት «ሐኪሟ አንቺ ነሽ?» ትለኛለች።

ነገሩ መሠረት አለው ወይስ ዝም ብሎ ወሬ ነው? ካለውስ ምን ያህል? ምን ብዬ ላስረዳት?


ተስፋ አለኝ

እህቴ፣ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። እኔ ላይ የሆነውን ልንገርሽ። ለዓመታት ጨጓራዬ ሲያቃጥለኝ ነው የኖርኩት። ስኳሬም በክኒን አልወርድ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። ኤች ፓይሎሪ ተገኘብኝና ታከምኩ። ከዚያ በኋላ የሦስት ወሩን ስኳር፣ ማለትም የሦስት ወር አማካዩን በመቶኛ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ስሠራ ከ8.1 ወደ 7.2 ወርዶ ተገኘ። የስኳር መድኃኒቴን አልቀየርኩም፣ አልጨመርኩም። ባክቴሪያው እጁ የለበትም ቢሉኝ አልቀበልም።

ደግሞ የጨጓራ ቁስለትን ታሪክ አስታውሱ። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ቁስለቱ ከባክቴሪያ ነው ሲሉ ማን ሰማቸው? ጭንቀት ነው፣ አሲድ ነው ይባል ነበር። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን ታመመ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ስኳርስ ነገ እንደዚያ እንደማይሆን በምን እናውቃለን? ሐኪሞች ቶሎ «አይሆንም» ባይሉ ደስ ይለኛል።


ሐኪሙ

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። መጀመሪያ ለጠያቂዋ፦ እናትሽ የስኳር መድኃኒታቸውን እንዳያቆሙ። ሌላው ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ ይሄ ግን ለነገ የሚባል አይደለም።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ ግንኙነቱን ያዩ ጥናቶች አሉ፤ የዋዛም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት ወጥተዋል። አንደኛውን የሠሩት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩ ቼንና ማርቲን ብሌዘር ናቸው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ቅኝት ያለፉ ከ13 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ አገላብጠዋል። ስኳር የለብንም ካሉት መካከል ባክቴሪያው ያለባቸው የሦስት ወር ስኳራቸው ከሌለባቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ታየ። ቪዲዮው ላይ የማይነገረው ነገር ግን እዚያው ጥናት ውስጥ አለ፦ ባክቴሪያው «ስኳር በሽታ አለብኝ» ከማለት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ከሦስት ወሩ ቁጥር ትንሽ ከፍ ማለት ጋር ተያይዞ ታየ እንጂ ከበሽታው ጋር ተያይዞ አልታየም።

ሁለተኛው የተሠራው በካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ አካባቢ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ 782 የላቲን አሜሪካ ተወላጆችን አሥር ዓመት ተከታተሏቸው። ሲጀመር አንዳቸውም ስኳር አልነበረባቸውም። በመካከል 144ቱን ያዛቸው። ከመነሻው የኤች ፓይሎሪ ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው የተገኘባቸው ሰዎች ስኳር የመያዝ ዕድላቸው የሌሎቹን 2.7 እጥፍ ያህል ሆነ። ይሄኛው ጠንከር ይላል። ኢንፌክሽኑ ቀድሞ፣ ስኳሩ ተከትሎ ነው የታየውና።

በምን መንገድ ሊያያዙ ይችላሉ? ኤች ፓይሎሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነት ነው። ካልታከመ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው ጨጓራው ውስጥ እንኳ ግድግዳውን ሲያስቆጣው ይኖራል። እንዲህ ለዓመታት የቆየ ብግነት ወደ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባሉት ይጠቀሳሉ። እነዚህ ሲበዙ ጡንቻና ጉበት ኢንሱሊንን መስማት ይቀንሳሉ። ቆሽት ኢንሱሊን እያመረተ ስኳሩ ግን ደም ውስጥ ይቀራል። ዓይነት ሁለት ስኳር የሚጀምረው እንደዚህ ነው። ሌላው መንገድ የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖች ናቸው። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው ጨጓራ ውስጥ ነው፤ ባክቴሪያው ደግሞ ይሄን ምርት ያዛባል። የሚገርመው ግን ባክቴሪያው ሲጠፋ ግሬሊን ከፍ ብሎ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተከፍቶ ክብደት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ክብደት መጨመር ለስኳር ሕመምተኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ተስፋ፣ ማርሻልን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ቁስለቱ ላይ ክርክሩን የዘጋው ግን ማርሻል መጠጣቱ አይደለም። በፊት የአሲድ መቀነሻ ሲወሰድ ቁስለቱ ይድናል፣ ሲቆም ይመለሳል። ባክቴሪያው ሲጠፋ ግን ሳይመለስ ቀረ። ሐኪሙን ሁሉ ያሳመነው ይሄ ነው። ስኳር ላይ ያንን የሚያክል ነገር አልታየም። ባክቴሪያው የጠፋላቸውን የስኳር ሕሙማን የተከታተሉ ጥናቶች ውጤታቸው አይገጥምም። አንዳንዶቹ ትንሽ መውረድ አዩ፣ ሌሎቹ ምንም አላዩም። ባክቴሪያን በማጥፋት ስኳር በሽታን ማዳን እንደሚቻል የተረጋገጠ ነገር የለም። ነገ ማስረጃው ከመጣ እኔ የመጀመሪያው አዛዥ እሆናለሁ።


ፋርማሲስቷ

ዶክተር ጥሩ ገልጸውታል። እኔ ግን አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነው የጻፍኩት። የእማዬ ልጅ፣ ለእናትሽ የታዘዙትን መድኃኒቶች ስም ከካርቶኑ ላይ አንብበሽ ጻፊልን። አሁኑኑ ብታደርጊው ደስ ይለኛል።


የእማዬ ልጅ

እሺ፦ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን። ጠዋትና ማታ ይላል። ትናንት ማታ ጀምራለች። ምነው?


ፋርማሲስቷ

የፈራሁት እሱን ነበር። አትደንግጪ፣ ግን በደንብ አንብቢኝ።

ክላሪትሮማይሲንና ግሊበንክላማይድ አብረው ሲወሰዱ የግሊበንክላማይዱ መጠን ደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ያኔ ስኳር ከልክ በላይ ይወርዳል። ይሄ በተለይ በዕድሜ የገፉና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ደርሶ ሆስፒታል ያስገባ ነገር ነው። ሌላም አለ። ክላሪትሮማይሲን አፍ ላይ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይተዋል። ሰው ምግብ ያስጠላዋል፣ ትንሽ ይበላል። የስኳር ክኒኑን ግን እንደወትሮው ይውጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ላዘዘላቸው ሐኪም ደውይና «ግሊበንክላማይድ ትወስዳለች» በይ። ምናልባት አልተነገረው ይሆናል። ወይ የስኳሩን መጠን ለጊዜው ይቀንሳል፣ ወይ ክላሪትሮማይሲን የሌለበት ቅንብር ይቀይርላቸዋል። አንቺ በራስሽ ምንም አታቋርጪ። እስከዚያው የስኳር መለኪያ ካላችሁ ቶሎ ቶሎ ለኩ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ንግግር መዘባረቅ ካየሽ፣ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግመሽ ለኪ። መዋጥ ካቃታቸው ወይ ከሰመመን ካልነቁ በአፍ ምንም አትስጪ፣ ወደ ድንገተኛ ውሰጃቸው።

የኮሌስትሮል መድኃኒትስ ይወስዳሉ? ሲምቫስታቲን ከሆነ እሱም ከክላሪትሮማይሲን ጋር አይሄድም፤ ጡንቻ ይጎዳል።


የእማዬ ልጅ

የኮሌስትሮል አትወስድም። አሁን ለካናት፣ 84 ነው። በባዶ ሆዷ እንኳ ከ130 በታች ወርዶላት አያውቅም ነበር! ልደውል ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ።


ጠያቂ ልብ

እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። አንቺ እስክትመለሺ ጥናቶቹ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራዬ ስታቲስቲክስ ነው።

«ባክቴሪያው ያለባቸው ስኳር ይበዛባቸዋል» ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ባክቴሪያው የሚበዛው እነማን ላይ ነው ብዬ ነው። ኤች ፓይሎሪ በልጅነቱ በተጨናነቀ ቤት ያደገ፣ ንጹህ ውሃ እንደልብ ያላገኘ ሰው ላይ ይበዛል። ዕድሜው የገፋ ላይም ይበዛል። ስኳርም በዕድሜ ይጨምራል። ኑሮው ጠበብ ያለ ሰው ደግሞ በብዙ አገር የተመጣጠነ ምግብ፣ ዕረፍትና ሕክምና የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያውና ስኳሩ አንድ ሰው ላይ የተገናኙት አንዱ አንዱን ስላመጣው ሳይሆን ሁለቱም ከአንድ ኑሮ ስለመጡ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይሄን በስሌት ለማጥራት ይሞክራሉ። ሙሉ በሙሉ ማጥራት ግን በጣም ከባድ ነው።

ተገላቢጦሹም አይቀርም። ስኳር የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ጨጓራ ምግብ የሚያስወጣበትን ፍጥነትም ይቀንሳል። ስኳር ያለበት ሰው ባክቴሪያውን ለማጥፋት የሚወስደው መድኃኒት የማይሠራለት ጊዜም ከሌላው ሰው በርከት ይላል። ያኔ ስኳሩ ነው ለባክቴሪያው ያመቸው ማለት ነው።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የዘመኑ አካሄድ ነው። በበለጸጉት አገሮች ኤች ፓይሎሪ ከትውልድ ትውልድ እየቀነሰ መጥቷል። ስኳር ግን በእነዚያው አገሮች እየጨመረ ነው የሄደው። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 537 ሚሊዮን አዋቂዎች ስኳር አለባቸው ብሎ ነበር። ባክቴሪያው ዋናው ምንጭ ቢሆን ኖሮ እሱ ሲቀንስ ስኳሩም መቀነስ ነበረበት። ትንሽ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። «ምንጩ እሱ ነው» የሚለው ግን ከዚህ እውነታ ጋር አይታረቅም።


ተስፋ አለኝ

ስሌቱ ይገባኛል ወንድሜ። ግን የእኔ 8.1 ወደ 7.2 የወረደው በስሌት አይደለም፣ በደሜ ነው። ይሄን ምን ትሉታላችሁ? መድኃኒት አልቀየርኩም ብያለሁ።


የላብራቶሪ ሰው

ተስፋ፣ ቁጥርህ እውነት ነው፤ እኔም አምንሃለሁ። ሦስት ነገር ልጠይቅህ። ባክቴሪያው ሲገኝብህ የደም ማነስ ነበረብህ? ጣትህን ወግተህ የምትለካው የጠዋት ስኳርስ ያኔ ወረደ? ከታከምክ በኋላ አበላልህ ተለወጠ?


ተስፋ አለኝ

የደም ማነስ ነበረብኝ፣ አዎ። የአይረን ክኒንም አብሮ ታዞልኝ ነበር። የጠዋቱ ስኳር... መዝገቤን አየሁት። ከ150ዎቹ ወደ 140ዎቹ ነው። ብዙም አልወረደም። አበላሌ ግን በጣም ተለውጧል። በፊት ባዶ ሆዴን ስሆን ስለሚያቃጥለኝ ኪሴ ውስጥ ብስኩት አይጠፋም ነበር። ሌሊት እንኳ ተነስቼ እቀምስ ነበር፣ ካልቀመስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን እሱ የለም።


የላብራቶሪ ሰው

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ ስኳሩን በቀጥታ አይለካም። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ምን ያህሉ ላይ ስኳር እንደተጣበቀ ነው የሚለካው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ብረት ሲያንስ አዲስ ሕዋስ የሚመረትበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ በደም ውስጥ ያሉት ያረጁት ይበዛሉ። ያረጀ ሕዋስ ላይ ብዙ ስኳር ይጠራቀማል። ስለዚህ ስኳርህ ሳይጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቢ 12 ሲያንስም እንደዚሁ ሊሆን ይችላል።

ኤች ፓይሎሪ ደግሞ ብረት ያሳንሳል። ጨጓራ ብረትን ለመምጠጥ አሲድ ይፈልጋል፤ ለረጅም ጊዜ የተቆጣ ጨጓራ አሲዱ ይቀንሳል። ከቁስለት ትንሽ ትንሽ ደም የሚፈስበትም አለ። ሰውየው ይታከማል፣ አይረን ይወስዳል፣ ደሙ ይሞላል፣ አዲስ ሕዋስ ይመረታል፣ የሦስት ወሩ ቁጥር ይወርዳል። የጣት ስኳሩ ግን ባለበት ነው። አንተ ላይ የሆነው በከፊል ይሄ ይመስለኛል። የቀረው ብስኩቱ ነው።

እኔ በግሌ የምለው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የሦስት ወር ስኳርን ብቻ የተመለከተ ጥናት ሳይ አብሮ የብረት ክምችት ተለክቷል ወይ ብዬ እፈልጋለሁ። ያልተለካ ከሆነ ግማሽ ልቤ ነው የሚቀበለው። ኤች ፓይሎሪ ያለበት የስኳር ሕመምተኛም የሦስት ወሩ ቁጥርና የጣቱ ልኬት አልገጥም ካሉት፣ ክኒን ከመጨመሩ በፊት ፌሪቲን (የብረት ክምችት ምርመራ) እና ቢ 12 ቢሠራ ጥሩ ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ቢ 12 የሚያንሰው በመድኃኒቱም ምክንያት ነው።


ተስፋ አለኝ

ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እኔን ያከመኝ ሰው «ወርዷል፣ ጎበዝ» ብሎኝ ነው ያለፈው። ፌሪቲኑን እጠይቃለሁ።

ግን አንድ ነገር ልበል። ጨጓራዬ ባይታከም ኖሮ ብስኩቱን አልተውም ነበር። ደሜም አይሞላም ነበር። አሁን በእግሬ እሄዳለሁ፣ በፊት አቅሙም አልነበረኝም። ባክቴሪያው ስኳሬን ባያመጣውም መታከሜ ለስኳሬ ጠቅሞኛል።


ሐኪሙ

ተስፋ፣ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔም ኤች ፓይሎሪ የተገኘበትን የስኳር ሕመምተኛ አክማለሁ። የማክመው ግን ስኳሩን አድናለሁ ብዬ አይደለም። ቁስለት ስለሚያመጣ፣ ደም ስለሚያሳንስ፣ የጨጓራ ካንሰርን ዕድል ስለሚጨምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ኤች ፓይሎሪን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ለማከም ከዚህ በላይ ምክንያት አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያም ልጨምር። የስኳር ሕመምተኛ ሆድ ሲያስቸግር ሁሉም ነገር በባክቴሪያው ይሳበባል። ሜትፎርሚን ራሱ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ያመጣል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወይም ቀስ ብሎ ወደሚለቀቀው ዓይነት ሲቀየር ይሻላል። ለብዙ ዓመት የቆየ ስኳር ደግሞ የጨጓራን ነርቭ ይጎዳል። ምግቡ ሳይወርድ ይቆያል፣ ሁለት ጉርሻ ሳይበላ ይጠግባል፣ ጠዋት የበላውን ማታ ያስመልሳል። እንዲህ ያለ ሰው የባክቴሪያ መድኃኒት ሁለት ሦስቴ ወስዶ «አልለቀቀኝም» እያለ ይመጣል። ባክቴሪያው ከጠፋ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።


ጡረተኛው

ልጆች፣ በርቱ። ብዙ ተማርኩ። እኔ ስኳር የለብኝም፤ ሆኖም የሦስት ወሩ 6.1 ነው፣ «ጫፍ ላይ ነዎት» ብለውኛል። ጨጓራዬን አያመኝም። ስኳሩ እንዳይመጣ ብዬ ለባክቴሪያው ልመርመር?


ሐኪሙ

አባቴ፣ ስኳርን ለመከላከል ብለው ብቻ ከሆነ አያስፈልግዎትም። የቁስለት ታሪክ ካለዎት፣ ከቅርብ ቤተሰብ የጨጓራ ካንሰር የያዘው ሰው ካለ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ካለብዎት፣ ወይም አስፒሪን በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነ ግን ይመርመሩ። ተመርምረው ከተገኘ ደግሞ መታከሙ ይመከራል።

ጫፍ ላይ ላለ ሰው የሚሠራው ነገር በደንብ ተፈትኗል። በአሜሪካ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ነበር፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ወይም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ የታገዙት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ። አሥር ቀን አንቲባዮቲክ ከመዋጥ በእግር መሄዱ ይበልጥብዎታል። ጉልበትዎ እንዴት ነው?


ጡረተኛው

ጉልበቴ ደህና ነው ልጄ፣ ይመስገን። ነገ እጀምራለሁ። ሌላ ልጠይቅ፦ «ጥሩ ባክቴሪያ» እያሉ የሚሸጡት እንክብልስ? እሱም ለስኳር ይጠቅማል ይሉኛል።


ጠያቂ ልብ

አባቴ፣ እሱ ሌላ ሰፈር ነው። እስካሁን ስናወራ የነበረው ጨጓራ ውስጥ ስለሚኖር አንድ ባክቴሪያ ነው። እንክብሉ የሚመለከተው ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉትን እጅግ ብዙ ዓይነቶች ነው። እነሱም ከስኳር ጋር መያያዛቸው ይጠናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የኔዘርላንድስ ሙከራ ነበር። ከቀጭን ጤነኛ ሰዎች የተወሰደ የአንጀት ባክቴሪያ ክብደታቸው ከፍ ላሉ ወንዶች ተሰጠ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን የመስማት አቅሙ ተሻሻለ። የተሳተፉት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ይሄም ዘርፍ ወጥመድ አለው። «የስኳር ሕመምተኞች አንጀት የተለየ ነው» የሚሉ ጥናቶች ሲወጡ ቆይተው፣ በ2015 አንድ ቡድን መረጃውን መድኃኒት በሚወስዱና በማይወስዱ ለይቶ አየው። ከልዩነቱ ብዙው የሜትፎርሚን ሥራ ሆኖ ተገኘ። የእንክብሉን ገንዘብ ለጥሩ መሄጃ ጫማ ያውሉት።


የእማዬ ልጅ

ተመለስኩ። ሐኪሙ ሲሰማ ደንግጦ ወዲያው ነው የመለሰልኝ። ግሊበንክላማይድ እንደምትወስድ አልነገርነውም ነበር፣ የጠየቀንም የለም። ክላሪትሮማይሲኑን አስቁሞ ቢስሙዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ከኦሜፕራዞሉ ጋር አዘዘላት። የስኳሩ ክኒን እንዳለ ይቀጥላል፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ እንለካለን።

እማዬን ደግሞ ሌላ ቦታ አልሄድኩም፣ ይሄንኑ ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ጥናቱ ብዙም አልገረማት። የተስፋን ብስኩት ስትሰማ ግን ቀና አለች። «እኔም እኮ ሲያቃጥለኝ ለማስታገስ እያልኩ ሌሊት ስኳር የበዛበት ሻይ እጠጣለሁ» አለችኝ። ይሄን ለማንም ተናግራ አታውቅም! የስኳሩን ክኒን አላቆምም ብላለች፤ ሐኪሙ ራሱ ቁጥሩን አይቶ ካልቀነሰላት በቀር። ለዘመዳችንም ደውላ «ልጄ ሌላ ነገር አንብባልኛለች» ስትለው ሰማኋት።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ባክቴሪያው መጥፋቱን በምን እናውቃለን? የሦስት ወሩንስ ስኳር መቼ እናሠራ?


ፋርማሲስቷ

እሰይ! አንድ ነገር ብቻ፦ ቢስሙዝ ሰገራን ያጠቁራል፣ ምላስንም ሊያጠቁር ይችላል። ሲቆም ይሄዳል። ሰገራው ሬንጅ መስሎ ከተጣበቀ፣ ክፉኛ ከሸተተና ማዞር ካለው ግን ደም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ቴትራሳይክሊኑን ከወተት ጋር አይዋጡት። አይረን ከታዘዘላቸውም ሰዓቱን ያራርቁት፤ አንዱ ሌላውን ያስቀረዋል።


የላብራቶሪ ሰው

ለመጥፋቱ የትንፋሽ ወይም የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው የሚሠራው። የደም ምርመራውን «ፈጣን ነው» ብለው እንዳያሠሩሽ። እሱ ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚያየው፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ ለዓመታትም ፖዘቲቭ ማለቱን ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ሳያስፈልጋቸው ደግመው የታከሙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

የመጨረሻውን አንቲባዮቲክ ከዋጡ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቁ። ኦሜፕራዞል ከምርመራው ሁለት ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። ቢስሙዝም እንደ አንቲባዮቲኩ አራት ሳምንት ይጠበቃል። በመሃል ካቃጠላቸው ምን ዓይነት ማስታገሻ መውሰድ እንደሚችሉ ሐኪሙን ጠይቂው።

የሦስት ወሩን ስኳር መድኃኒቱ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ አሠሩ። ፌሪቲን፣ ቢ 12 እና ሙሉ የደም ቆጠራ በዚያው ቀን ይጨመርላቸው። የጠዋትና የማታ ልኬታችሁን የያዘውን ደብተርም ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ ከወረደ ሐኪሙ በምን እንደወረደ የሚለየው በእነዚህ ነው።